ገጣሚ ክፍል ሲገባ፦ በአዲስ አበባ ትምህርት ቤቶች የስምንት ሳምንት የግጥም ትምህርት አካሄድ

የአዲስ አበባ ልጅ ግጥም አያውቅም ብሎ ክፍል የሚገባ ገጣሚ የመጀመሪያውን ሳምንት በከንቱ ያሳልፋል። ልጁ ነሐሴ ላይ ሆያ ሆዬ ሲል፣ ልጅቷ መስከረም 1 ቀን አበባየሁሽ ስትል፣ ሁለቱም ቀለም (በአንድ ጭብጨባ የሚቆረስ የቃል ድምፅ) መጥነው፣ ቤት መትተው፣ አውጪና ተቀባይ ለይተው ነው። ጆሯቸው ሠልጥኗል። የጎደላቸው ያንን ጆሮ ወደ እጃቸው የሚያወርድላቸው ሰው ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው እንዲያ ያለ ሥራ ለመሥራት ወደ ትምህርት ቤት ለሚሄዱ ገጣሚዎች ሲሆን፣ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ላሉ ልጆች የታሰበ ነው። ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍልም ጥቂት ተቀይሮ ይሠራል።

ከመግባታችሁ በፊት የሚያልቅ ሥራ

መጀመሪያ ጊዜውን ምረጡ። መስከረም በምዝገባና በመጽሐፍ እደላ ያልቃል፤ ጥርና ሰኔ የፈተና ወራት ናቸው። ስምንት ሳምንት ሳይቆራረጥ የሚገኘው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ፣ ወይም ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ከተጀመረ በኋላ ነው። የካቲትና መጋቢት ግን ብዙ ጊዜ በዐቢይ ጾም ውስጥ ይወድቃሉ፤ በረመዳንም እንዲሁ የሚጾሙ ልጆች አሉ። የጾመ ልጅ ከሰዓት በኋላ አይጽፍም፣ ይተኛል። በእነዚህ ጊዜያት ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 4 ሰዓት ያለውን ለምኑ። ዓርብ ከሰዓትን ተዉት፤ ለጁምዓ ጸሎት የሚሄዱ ልጆች ሲመለሱ ክፍለ ጊዜው አልቋል። ከሁሉ የሚመቸው የክረምት ትምህርት ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ ፈተና የለም፣ ቡሄ ነሐሴ 13 ስለሚውል ደግሞ የትምህርቱ ማሳያ ራሱ በየደጁ እየዞረ ይመጣል።

የመንግሥት ትምህርት ቤት ከሆነ ርእሰ መምህሩን ብቻ አነጋግራችሁ አትጀምሩ። ከክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋል። ጥያቄያችሁን በአንድ ገጽ ጻፉ፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ስንት ቀን፣ ስንት ሰዓት፣ ስንት ልጅ፣ ከትምህርት ቤቱ የምትፈልጉት ምን እንደሆነ። በሁለት ቅጂ ይዛችሁ ሂዱ፤ መዝገብ ቤቱ ገቢ ያደረገበትን ቁጥርና ቀን በእናንተ ቅጂ ላይ አስጽፉ። ያ ቁጥር ከሌለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስትመለሱ ደብዳቤው የት እንደገባ የሚነግራችሁ አይኖርም።

ከርእሰ መምህሩ ጋር ስትቀመጡ አምስት ነገር በጽሑፍ ይለቅ።

1. የልጆቹ ቁጥር ከ24 እስከ 30 ይሁን። ትምህርት ቤቱ 60 ተማሪ ያለበትን ክፍል በሙሉ ውሰዱ ካለ ለሁለት ከፍላችሁ በሁለት ቀን አስተምሩ። በስድሳ ልጅ መካከል ንግግር ማድረግ ይቻላል፣ የሁሉንም ደብተር ማየት ግን አይቻልም።
2. ልጆቹ በውጤት አይመረጡ። ትምህርት ቤቶች ከልማድ የተነሣ ከአንደኛ እስከ ሠላሳኛ የወጡትን ይልካሉ። ከሥነ ጽሑፍ ክበብ፣ ከሚኒ ሚዲያ፣ ከኋላ ወንበርም እየተቀላቀሉ ይምጡ በሉ። ከሠላሳው አሥሩ በአማርኛ ፈተና ዝቅተኛ ያገኙ ቢሆኑ ቡድኑ የተሻለ ይሆናል፤ እነሱ ለጥፈው የያዙት የመማሪያ መጽሐፍ አባባል ስለሌላቸው የራሳቸውን ይናገራሉ።
3. በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ሁለት ተከታታይ ክፍለ ጊዜ ስጡን በሉ። አንዱ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው፤ ልጅ ተረጋግቶ መጻፍ የሚጀምረው 25ኛው ደቂቃ ላይ ስለሆነ በአንዱ ብቻ ምንም አይጨበጥም።
4. የአማርኛ መምህሩ ወይም መምህርቷ ክፍሉ ውስጥ ይቀመጡ፣ እነሱም ይጻፉ። ይህን አጥብቃችሁ ያዙት። ገጣሚው ስምንት ቀን ኖሮ ይሄዳል፤ ሥራው የሚቀጥለው በመምህሩ ነው። ደግሞም አንድ የውጭ ሰው ብቻውን ከልጆች ጋር በር ዘግቶ መቀመጥ የለበትም።
5. ክፍያ ካለ ስንት፣ መቼ፣ ግብር ከመቀነሱ በፊት ነው ወይስ በኋላ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥራችሁን አዘጋጁ።

ስለ ክፍያ አንድ ስሌት እንስጥ፤ ገጣሚዎች የሚጎዱት እዚህ ላይ ነውና። ስምንት ቀን በ80 ደቂቃ ሲባዛ 10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ነው። ዝግጅት በየሳምንቱ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በጠቅላላ 12 ሰዓት። ሠላሳ ደብተር በሦስት ሦስት ደቂቃ ማንበብ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል፣ እንደገና 12 ሰዓት። መንገድ ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት ቢሆን 16። በመጨረሻ የልጆቹ ግጥም የሚወጣበትን ጥራዝ መተየብ፣ ማሳተምና የማንበቢያውን ቀን ማሰናዳት ሌላ 12። ድምሩ ከ62 ሰዓት ያልፋል። በክፍል ውስጥ ሰዓት ብቻ ዋጋ የተናገረ ሰው ከሥራው ስድስት እጅ አምስቱን በነጻ ሰጠ ማለት ነው። በነጻ መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ፤ ግን ቆጥራችሁ ስጡ።

ዕቃ

ለ30 ልጅ፦ 32 ባለ 50 ሉክ ደብተር (ሁለቱ ለመምህሩና ለመጠባበቂያ)፣ 40 እስክሪብቶ፣ አንድ እሽግ ኤ4 ወረቀት፣ አራት ወፍራም ማርከር፣ 15 ትልልቅ የግድግዳ ወረቀት፣ ፕላስተር፣ የራሳችሁ ጠመኔ። ደብተሩን ልጆቹ ወደ ቤት ይዘው አይሂዱ፤ በሁለተኛው ሳምንት አምስቱ ጠፍተው፣ ሦስቱ የሒሳብ ደብተር ሆነው ይመጣሉ። በካርቶን ሰብስባችሁ በመምህሩ መሳቢያ አስቀምጡ። ለቤት ሥራ ግማሽ ሉክ ቀዳችሁ ስጡ።

ስልክና ፕሮጀክተር አያስፈልግም። መብራት ሲጠፋ የሚቆም ትምህርት አታዘጋጁ።

1ኛ ሳምንት፦ ጆሮ

በዚህ ቀን ለመጀመሪያዎቹ 50 ደቂቃ ደብተር አይከፈት። ዴስኮቹ ሦስት ልጅ የሚያስቀምጡ ተያያዥ ከሆኑና የማይገፉ ከሆኑ ወደ ግቢ፣ ወደ ጥላ ውጡ፤ ካልሆነም በግድግዳው ዙሪያ ቁሙ። ልጆቹ እርስ በርስ ፊት ካልተያዩ ጀርባ ለጀርባ የሚሰማ ግጥም ይፈራሉ።

በስማቸው ጀምሩ። እያንዳንዱ ስሙን እያጨበጨበ ይቆርሳል፦ ሰ-ላ-ማ-ዊት፣ አራት። ብ-ሩክ፣ ሁለት። አብ-ዱ-ራህ-ማን፣ አራት። ይህ አሥር ደቂቃ ይወስዳል፤ ስማቸውንም ታውቃላችሁ።

ቀጥሎ ወደ ቡሄ በሉ ምጣኔ ግቡ። ስሙ ራሱ ልኩን ይናገራል፦ ቡ-ሄ-በ-ሉ፣ አራት ቀለም። አንድ ስንኝ ሁለት ሐረግ አለው፣ አራትና አራት። እናንተ ሁለት ስንኝ ስጡ፤ ለምሳሌ፦

ታክሲ መጣ ረዳት ጠራ፤
ሰልፉ ደርሷል እስከ ጋራ።

ታክ-ሲ-መ-ጣ፣ ረ-ዳት-ጠ-ራ፤ ሰል-ፉ-ደር-ሷል፣ እስ-ከ-ጋ-ራ። በአራቱም ሐረግ አራት አራት ጊዜ ታጨበጨበ። አሁን ተቀባዮቹ ያጨብጭቡ፣ አውጪ መሆን የፈለገ ልጅ አዲስ ስንኝ በቃሉ ይወርውር። የማይሞላ ቢሆንም አታስቁሙ። ከሦስት ደቂቃ በኋላ ጭብጨባው ራሱ ያርመዋል፤ የተረፈውን ቀለም ልጁ ሲውጥ፣ የጎደለውን ሲስብ ትሰማላችሁ።

እዚህ ላይ የሚበላሸው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ልጆች ፊደል ይቆጥራሉ። «ታክሲ» ሦስት ፊደል ስለሆነ ሦስት ይላሉ። ቀለም የሚቆጠረው በአፍ ነው፤ አናባቢ ያለው ድምፅ ሁሉ አንድ፣ ድምፁ የማይወጣ ሳድስ ደግሞ ከፊቱ ካለው ጋር ተዳብሎ አንድ። «ክ» ወደ «ታ» ተጠግታ «ታክ» ሆነች። ግን ሳድስ ሁሉ አይዋጥም፤ «ምጣድ» ሲባል የመጀመሪያዋ «ም» ትሰማለች፣ ስለዚህ ም-ጣድ፣ ሁለት ነው። ደንቡን በሰሌዳ ላይ ከማስጻፍ ይልቅ መዳፋቸውን ከአገጫቸው ሥር ያድርጉ፤ አገጭ ስንት ጊዜ እንደወረደ ያ ነው ቀለሙ። መምህሩ ይህን በሰዋስው ክፍለ ጊዜው ውስጥ ሊጠቀምበት ይችላል።

በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ደብተር አድሉ። ከተናገሩት ውስጥ የራሳቸውን አንድ ስንኝ ይጻፉ፤ ካላስታወሱት የጓደኛቸውን፣ የጓደኛቸውን ስም ከሥሩ አስቀምጠው። ከመጀመሪያው ቀን የሰው ሥራ የሰው መሆኑን ይልመዱ።

2ኛ ሳምንት፦ የሰፈር መዝገብ

«ስለ እናት ግጥም ጻፉ» ብትሉ ሠላሳ ተመሳሳይ ግጥም ይመጣላችኋል፤ ዘጠኝ ወር ተሸክማ፣ አጥብታ፣ ውለታዋ የማይከፈል። ስለ አገርና ስለ ትምህርት ብትሉም በጠዋት ሰልፍ ላይ የሰሙትን ይመልሱላችኋል። ልጆቹ ሰንፈው አይደለም። ርእሱ ከነመልሱ ስለተሰጣቸው ነው። ስለዚህ ርእስ አትስጡ፣ መዝገብ አስይዙ።

ገጹን በአራት ይክፈሉት፤ በየክፍሉ አምስት አምስት ነገር፣ በጠቅላላ ሃያ።

አንደኛው ከቤት እስከ ትምህርት ቤት የሚሰማ ድምፅ፦ የቆራሌው ጥሪ፣ ሊስትሮ ሣጥኑን ሲያንኳኳ፣ የኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚንከባለል ጀሪካን። ሁለተኛው ሽታ። ሦስተኛው የተሰቀለ፣ የተለጠፈ ወይም የተንጠለጠለ ነገር። አራተኛው፣ ከሁሉ የበለጸገው፣ ሰው የተናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳለ፦ አያት በር ላይ የሚሉት፣ ረዳቱ የሚለው፣ ጎረቤት በአጥር የሚጣራው።

ሕጉ ጥብቅ ነው፤ «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «አስደሳች» የሚል ቃል አይገባም። «ጥሩ ሽታ» ብሎ የጻፈን ልጅ «የምን?» ብላችሁ ጠይቁ። «የቡና» ይላል። «ሲቆላ ነው ሲፈላ?» «ሲቆላ።» «ማን ነው የሚቆላው? የት ተቀምጦ?» በሦስተኛው ጥያቄ ላይ የሚመጣው መልስ ይጻፍ። ብዙ ጊዜ ግጥሙ እዚያ ነው።

ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ሌላ ቦታ የተዛወሩ ልጆች በየክፍሉ አሉ። «የድሮውን ሰፈር ልጻፍ ወይስ የአሁኑን?» ብለው ይጠይቃሉ። ሁለቱንም፣ በሁለት ገጽ፣ በሏቸው። ስለ መፍረሱ አስተያየት እንዲጽፉ አትገፋፉ፤ በቀድሞው ገጽ ላይ ያለው የውኃ ቦኖ በአዲሱ ገጽ ላይ አለመኖሩ በቂ ነው።

እዚሁ ላይ የቋንቋውን ነገር አንሡ። በአዲስ አበባ ክፍል ውስጥ በቤታቸው ኦሮምኛ፣ ጉራግኛ፣ ትግርኛ፣ ስልጥኛ፣ ጋሞኛና ሌላም የሚናገሩ ልጆች አሉ። በቤት የሚባለውን ቃል በቤት እንደሚባለው ይጻፉ፣ በፊደል እንደመጣላቸው። አያቱ በኦሮምኛ የሚመርቁትን ልጅ ምርቃቱን ተርጉምልኝ ካላችሁት ግጥሙን ከአፉ ወሰዳችሁበት። ትርጉሙ ከተፈለገ ከግጥሙ ግርጌ ይቀመጥ።

የቤት ሥራ፦ ግማሽ ሉክ፣ ሦስት አዲስ ድምፅ።

3ኛ ሳምንት፦ ሁለት ስንኝ

ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ በጉባኤ ቃና ይጀምራል። ባለ ሁለት ቤት ነው፣ ከቅኔዎች ሁሉ አጭሩ። ትልቁን ከማቅረባቸው በፊት ትንሹን ይቆጥራሉ፣ ለመምህራቸው ያሰማሉ፣ ይታረማሉ፣ በማግስቱ ሌላ ይቆጥራሉ። ይህ ሥርዓት ለአማርኛ ግጥምም ይሠራል። ስለዚህ በሦስተኛው ሳምንት ማንም ከሁለት ስንኝ በላይ አይጻፍ። ገጽ የሞላ ግጥም ይዞ የሚመጣ ጎበዝ ልጅ ይኖራል፤ አመስግኑትና ከገጹ ሁለቱን ስንኝ እንዲመርጥ አድርጉ።

አካሄዱን በሰሌዳ ላይ ከልጆቹ ጋር ሥሩት። ከአንዱ መዝገብ አንድ ነገር ውሰዱ፤ ይበል ልጁ፦ «እናቴ ዶሮ ሳይጮኽ ተነሥታ ምጣድ ትጥዳለች።» ይህ ዓረፍተ ነገር ነው። አሁን የወል ቤት እንስጠው፤ የወል ቤት ሐረጉ ስድስት ቀለም፣ ስንኙ አሥራ ሁለት ነው። ምን አለ በዓረፍተ ነገሩ? ዶሮ፣ እናት፣ ምጣድ። ዶሮው የማን ነው? የጎረቤት። እሳቱ በምን ይነዳል? በኩበት። ሁለቱ ቃላት በመጨረሻ ድምፃቸው ይገናኛሉ፦

ዶሮው ገና ሳይጮኽ ከደጅ ከጎረቤት፣
እናቴ ምጣዷን ጣደችው በኩበት።

ዶ-ሮው-ገ-ና-ሳይ-ጮኽ፣ ስድስት። ከ-ደጅ-ከ-ጎ-ረ-ቤት፣ ስድስት። እ-ና-ቴ-ም-ጣ-ዷን፣ ስድስት። ጣ-ደ-ችው-በ-ኩ-በት፣ ስድስት። ልጆቹ እንዲያዩት የሚገባው ይህ ነው፦ ጎረቤትና ኩበት የመጡት ቤት ለመምታት ተፈልገው አይደለም፤ ጥያቄ ሲጠየቅ የነገሩ ውስጥ ተገኙ።

የዚህ ሳምንት ትልቁ ችግር የግሥ ቤት ነው። አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ «መጣች፣ ሄደች፣ በላች፣ ጠጣች» እያለ ማንም ሳይቸገር መቶ ስንኝ ይደረድራል። ጆሮው ቤት መታ ይላል፣ ግን የመታው ሰዋስዉ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ በሁለት ስንኝ ውስጥ ቢያንስ አንዱ በስም ይለቅ። ከላይ ባለው ምሳሌ «ጣደችው» ወደ ውስጥ ገብቶ «በኩበት» ወደ ዳር የወጣው ለዚህ ነው። ልጆቹ ቃል ማገላበጥ የተፈቀደ መሆኑን ሲያውቁ ይደነቃሉ፤ በፈተና ወረቀት ላይ ስሕተት የሚባለው እዚህ ጥበብ ሆነ።

ሁለተኛው ችግር ለመሙያ የሚገቡ ቃላት ናቸው፤ «እኮ»፣ «ደግሞ»፣ «በጣም»፣ «ያ»። ቀለም ጎደለ ብለው ይጨምሯቸዋል። እንዲህ ያለውን ቃል በእርሳስ አክብቡና «ወደ መዝገብህ ተመለስ» በሉ። የጎደለው ቀለም አዲስ መረጃ የሚገባበት ቀዳዳ ነው።

4ኛ ሳምንት፦ የምጣኔ ምርጫ

አጭር ትምህርት ነው። ከቡሄ በሉ (4 እና 4) እና ከወል ቤት (6 እና 6) ጎን ሰንጎ መገንን ጨምሩ፤ ሐረጉ አምስት ቀለም ነው። «ዝናብ መጣና ቆርቆሮው ጮኸ» ብላችሁ አስጨብጭቡ፦ ዝ-ናብ-መ-ጣ-ና፣ ቆር-ቆ-ሮው-ጮ-ኸ። አንዱን የመዝገብ ነገር በሦስቱም ይሞክሩት። አራት አራቱ ይሮጣል፣ ለጨዋታና ለቀልድ ይመቻል፤ ስድስት ስድስቱ ይራመዳል፣ ለታሪክ ይመቻል። ከ8ኛ ክፍል በላይ ላሉት ስምንት ስምንቱን፣ የጸጋዬ ቤት የሚባለውን፣ ማሳየት ይቻላል፤ ለታናናሾቹ ትንፋሽ ያሳጥራል። ቤት ሳይመታ መጻፍ የሚፈልግ ልጅ ካለ ይፈቀድለት፣ ግን ስንኙን የት እንደቆረጠና ለምን እንደቆረጠ ይናገር።

5ኛ ሳምንት፦ ሰምና ወርቅ

ልጆች ከሁሉ የሚወዱት ይህን ቀን ነው፤ እንቆቅልሽ ስለለመዱ። ነገር ግን የሰምና ወርቅን ትርጓሜ በመጻፍ ከጀመራችሁ ገደላችሁት። በቃል ጀምሩ። በሰሌዳው ላይ «ወንድሜ ሌሊቱን ሲስል አደረ» ብላችሁ ጻፉ። «ወንድምዬው ምን ሆነ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ጉንፋን ያዘው» ይላሉ፣ ሁሉም። ከዚያ ሁለተኛውን መሥመር ጻፉ፦ «ጠዋት ግድግዳው በአበባ ተሞልቶ ተገኘ።» ዝም ይላሉ፤ ከዚያ አንዱ ይስቃል። ሥዕል! እሱ የሳቀበት ቅጽበት ትምህርቱ ነው። ሳል ሰሙ፣ ሥዕል ወርቁ። ስሙን ከዚያ በኋላ ንገሯቸው።

ኅብረ ቃል ማደን ቀጥሎ ነው። በአምስት በአምስት ሆነው በአሥር ደቂቃ የቻሉትን ያህል ሁለት ትርጉም ያለው ቃል ይሰብስቡ። «ሳለ» ቢላ መሳልንም ይጨምራል። «ገና» በዓሉ፣ ጨዋታው፣ ጊዜውም ነው። «ዋና» አለ፣ «አለ» አለ። እዚህ ላይ የአማርኛ ጽሕፈት የሚሰጠውን ዕድል አሳዩ፤ ፊደላችን ጥብቀትን ስለማያመለክት ሲነበቡ የሚለያዩት «አለ» እና «አለ» በወረቀት ላይ አንድ ናቸው። ስለዚህ ዓይንን የሚያታልል ኅብረ ቃልና ጆሮን የሚያታልል ኅብረ ቃል ለየብቻ ናቸው። ግጥማቸው ለመነበብ ነው ወይስ ለመሰማት? ለመድረክ ከሆነ «ሳለ» ይሠራል፣ «ገና» ግን ሲጠብቅና ሲላላ ምሥጢሩን ያወጣዋል። ይህን በደንብ የተረዳ የ7ኛ ክፍል ልጅ ከብዙ አዋቂ ይበልጣል።

የሚበላሸው፦ ቃሉን አግኝተው ሰሙን ይረሳሉ። ወርቁ ብቻ ያለበት ስንኝ እንቆቅልሽ እንጂ ግጥም አይሆንም። መፈተኛው፣ ምሥጢሩን የማያውቅ ሰው ሲሰማው ሙሉ ሐሳብ ሆኖ ያገኘዋል ወይ? «ወንድሜ ሌሊቱን ሲስል አደረ» ብቻውን ይቆማል። ሌላ ማስጠንቀቂያ፤ ሰምና ወርቅ የሰው ስም፣ ብሔር ወይም የአካል ጉዳት መዘባበቻ የሚሆንበት ጊዜ አለ። በመጀመሪያው ስንኝ ላይ አቁሙት። ሁለተኛውን ከጠበቃችሁ ክፍሉ ስቋል።

6ኛ ሳምንት፦ ከሁለት ወደ ስምንት

እስካሁን የጻፏቸውን ስንኞች ሁሉ በወረቀት ቆርጠው በዴስኩ ላይ ይደርድሯቸው፣ ይቀያይሯቸው። ስምንት ስንኝ የሚሆን አንድ ግጥም ይፈልጉ። ብዙዎቹ የሚጽፉት የመጀመሪያ ስንኝ መግቢያ ብቻ እንደሆነ፣ ግጥሙ ከሦስተኛው እንደሚጀምር ራሳቸው ያያሉ። የመጨረሻውን ስንኝም ያንሡና ይሞክሩ፤ ምክር የሚሰጥ ከሆነ ሳይኖር ይሻላል።

7ኛ ሳምንት፦ እርማት

ቀይ እስክሪብቶ ይዛችሁ አትግቡ። በእያንዳንዱ ደብተር ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጻፉ፦ ከጆሯችሁ ያልወጣውን አንድ ሐረግ ገልብጡ፤ አንድ ጥያቄ ጠይቁ። «ጎበዝ» የሚል ቃል ልጁን ያስደስተዋል፣ ግን ምን እንደሠራ አይነግረውም።

የፊደል ነገር መምህራንን ያስጨንቃል፤ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፣ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ። እስከ ጥራዙ ድረስ አትንኩት። ለጥራዙ ከመምህሩ ጋር አንድ አጻጻፍ ወስናችሁ በሁሉም ግጥም ላይ እኩል ተጠቀሙ። ልጁ ግን «እንደ አያቴ አነጋገር ነው» ብሎ የጻፈውን አታስተካክሉ።

በዚህ ሳምንት የሚያስደነግጥ ግጥም ሊመጣ ይችላል፤ ስለ ድብደባ፣ ስለ ጥቃት፣ ራስን ስለ መጉዳት። ይህ የግጥም ጉዳይ አይደለም። ልጁን በሰው ፊት አትጠይቁ፣ «ለማንም አልናገርም» ብላችሁም ቃል አትግቡ። ግጥሙን አታስነብቡ። በዚያው ቀን፣ ከግቢው ሳትወጡ፣ ለትምህርት ቤቱ አማካሪ ወይም ለርእሰ መምህሩ አሳውቁ፤ ያሳወቃችሁበትን ቀንና ሰዓት ለራሳችሁ መዝግቡ። ማንን እንደምታነጋግሩ ገና ከመጀመሪያው ስምምነት ላይ ጠይቃችሁ ስሙን ያዙ።

ጥራዙ

ግጥሙ የልጁ ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደራሲውን ባለመብት ሲያደርግ ዕድሜ አይለይም። ስለዚህ ለማተምና በአደባባይ ለማንበብ ከወላጅ ወይም ከአሳዳጊ የተፈረመ አጭር ፈቃድ በ5ኛው ሳምንት አሰባስቡ፤ ፎቶ ማንሣት ካለ በተለየ መሥመር ይጠቀስ። ልጁ ራሱ ካልፈለገ የወላጅ ፊርማ ብቻውን አይበቃም።

ለ30 ግጥም ስምንት ኤ4 ወረቀት ከመሐል ሲታጠፍ 32 ገጽ ይወጣዋል፤ አንድ ገጽ ለርእስ፣ አንድ ለማውጫ፣ ሠላሳው ለልጆቹ። ገጾቹን ስታስቀምጡ በአንድ ፊት የሚውሉት ሁለት ቁጥሮች ሁልጊዜ ተደምረው 33 ይሆናሉ፦ 32 እና 1፣ በጀርባው 2 እና 31፤ ቀጥሎ 30 እና 3፣ በጀርባው 4 እና 29። ይህን ካላረጋገጣችሁ ፎቶ ኮፒ ቤቱ 40 ቅጂ አባዝቶ የአንዱ ልጅ ግጥም በሌላው ስም ሥር ይወጣል። መጀመሪያ አንድ ቅጂ ብቻ አሳትማችሁ አጥፉና ገጹን ቁጠሩ። ፊደሉ ኒያላ በ12 መጠን ይነበባል። የወል ቤት ስንኝ በጠባብ ገጽ ላይ እንዳይሰበር ኅዳጉን 15 ሚሊሜትር አድርጉት። የሽፋኑን ካርቶን ልጆች ይሣሉት። ረጅም ስቴፕለር ከሌለ ማጠፊያው ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ በስታችሁ በክር ስፉት፤ ከስቴፕለር ይልቅ ይቆያል።

ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ፣ ለመምህሩ አንድ፣ ለትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ሦስት፤ የቀረው ለወላጆች።

8ኛ ሳምንት፦ ማንበብ

የአዲስ አበባ ልጅ በመድረክ ላይ ግጥም እንዴት እንደሚቀርብ ያየው በሰልፍና በበዓል ነው፤ እጅ እየወረወሩ፣ ድምፅ እያንቀጠቀጡ። ያንን ለመሻር ምክር አይሠራም፣ ልምምድ ይሠራል። በመጀመሪያው 40 ደቂቃ በሁለት በሁለት ሆነው አንዱ ለሌላው በጆሮው ያንብብለት፤ ከዚያ በአንድ እርምጃ ርቀት፣ ከዚያ በክፍሉ ዳርና ዳር። ድምፁ የሚጨምረው ርቀቱ ሲፈልግ ብቻ ይሁን። ከእያንዳንዱ ሐረግ በኋላ ትንሽ፣ ከእያንዳንዱ ስንኝ በኋላ ሙሉ ትንፋሽ። በአፍ ያልያዙ በወረቀት ያንብቡ፤ አያሳፍርም።

የሚኒ ሚዲያውን ማይክ ተጠቀሙ፣ ግን ጠዋት ከሰልፉ በፊት ሞክሩት። ማይኩ ከአፍ አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ልጅ ወደ ልጅ ሲቀየር ቁመቱን የሚያስተካክል አንድ ተማሪ ይመደብ። ስምንት ስንኝ አንድ ደቂቃ አይሞላም፤ መነሣትና መቀመጡን ጨምሮ ሠላሳው ልጅ በ40 ደቂቃ ያልቃል። የእንግዳ ንግግር ካለ ከልጆቹ በኋላ ይሁን፣ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ፤ ከፊት ካደረጋችሁት ግማሽ ሰዓት ይወስድና የመጨረሻዎቹ አሥር ልጆች ደወል ተደውሎ ያነባሉ። ሽልማትና ደረጃ አይኑር። ተራው በስም ፊደል ተራ ይሁን እንጂ «ጎበዞቹ» መጨረሻ ላይ አይቀመጡ።

ወላጆች ሲጋበዙ ሥራ የማይፈቅድላቸው ይበዛሉ፤ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ከሥራ ቀን ከሰዓት በኋላ ይሻላል። ማንም ያልመጣለት ልጅ ሲያነብ መምህሩ ከፊት ወንበር ላይ ይቀመጥ፤ ይህን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለመምህሩ የምትተዉት አንድ ፖስታ ይኑር፦ የስምንቱ ቀን ዕቅድ በየአንድ ገጹ፣ የልጆቹ የኅብረ ቃል ዝርዝር፣ የተረፈው ማርከርና ወረቀት፣ ጥራዙን ለማባዛት የሚያገለግለው ዋና ቅጂ ሳይታጠፍ። ደብተሮቹን ለልጆቹ መልሱ። በውስጣቸው ገና ሃያና ሠላሳ ባዶ ሉክ አለ፤ የመጀመሪያው ባዶ ገጽ ላይ «የሰፈር መዝገብ» የሚል ርእስና አራት ክፍል ራሳችሁ አሥምራችሁ ስጧቸው።